ትምህርት የዘገየበት ልጅ፤ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ታሪክ

ልጆች ሆይ፥ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አገር የሚኖር ሰው የቡናን ነገር ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃል። የቡና ፍሬ በመደብ በተዘራ ጊዜ እንደ በቆሎ በሳምንት ብቅ አይልም። አንድ ወር ያልፋል፥ ሁለተኛውም ይገባል፤ መደቡ ግን ባዶ ሆኖ ይታያል። ትዕግሥት የሌለው ልጅ ዘሩ የበሰበሰ ይመስለዋልና በጣቱ አፈሩን ይጭራል፤ ጭሮም ሊበቅል የተቃረበውን ያበላሻል። አባቱ ግን ጥላ ሠርቶ፥ ውሃ እያርከፈከፈ፥ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ችግኙ ከወጣም በኋላ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጃል። አሁን የምናነበው ታሪክ ሰባት ዓመት ሙሉ ምንም ሳይበቅልበት ስለ ቆየ አንድ ልጅ ነው።

ስሙ ጊዮርጊስ ይባላል። የተወለደው በ1357 ዓ.ም. ገደማ፥ በወሎ፥ በቦረና፥ ሰግላ በምትባል ስፍራ ነው። ይህ ቦረና በደቡብ ወሎ ያለው ነውና በኬንያ ድንበር ካለው ቦረና ጋር አታምታቱት። የአባቱ ስም ሕዝበ ጽዮን፥ የእናቱም ስም እምነ ጽዮን ነበረ። አባቱ መጻሕፍትን ያወቁ ካህን ነበሩ፤ በንጉሡ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን ያገለግሉ ነበረ። በዚያ ዘመን ነገሥታቱ በአንድ ከተማ አይቀመጡም ነበረና፥ ሠራዊቱም ካህናቱም ድንኳናቸውን ጭነው ከአገር ወደ አገር አብረው ይዞሩ ነበረ። ባልና ሚስቱ ልጅ ሳይወልዱ ብዙ ዘመን ቆዩ፤ ብዙም ጸለዩ። ስለዚህ ጊዮርጊስ በተወለደ ጊዜ ልጃችን የጸሎታችን ፍሬ ነው፥ ለእግዚአብሔር አገልግሎት እንሰጠዋለን ብለው አሰቡ። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙት፤ በኋላ ያስፈልጋችኋል።

ልጁም ለትምህርት በደረሰ ጊዜ አባቱ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ወሰዱት። ሐይቅ ከደሴ በስተ ሰሜን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ገዳሙ ጥንት በውሃ የተከበበ ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ግን በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ተያይዟል። ከሚዛን ተነሥቶ ወደዚያ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከዚያም እስከ ደሴ ሌላ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል።

ሐይቅ በዚያ ዘመን ከኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሁሉ የታወቀ ነበረ። ትምህርት ቤቱን ያቆሙት አባ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው። እርሳቸውም ወደ ሐይቅ የመጡት በ1240 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አስቀድሞ በትግራይ፥ በገመድ በሚወጣበት በደብረ ዳሞ ተራራ ላይ፥ ከአባ ዮሐኒ እግር ሥር ተቀምጠው ምንኵስናንና የመጽሐፍ ጽሕፈትን ተምረዋል። በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት የአራቱ ወንጌላውያን መጽሐፍ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ብዙ ደቀ መዛሙርትም አፈሩ፤ ከእነርሱም መካከል የደብረ ሊባኖሱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት አንዱ ናቸው። የአገራችን መነኮሳት የአባቶቻቸውን የትውልድ ሐረግ እንደሚቈጥር ሰው፥ እገሌ ከእገሌ ቆብ ተቀበለ፥ እገሌም ከእገሌ ተቀበለ እያሉ ወደ ላይ ይቈጥራሉ። ከኢየሱስ ሞዐ ወደ ዮሐኒ፥ ከዮሐኒም እስከ አቡነ አረጋዊ ይደርሳሉ፤ ከዚያም አልፈው እስከ ግብፅ ምድረ በዳ ይሄዳሉ። በእነርሱ ዘንድ አባት የሌለው መነኩሴ የለም። ቆቡን ከሱቅ ገዝቶ በራሱ ላይ የደፋ ሰው መነኩሴ አይባልም፤ አንድ አባት ሊጭንለት ይገባዋል።

አሁን ደግሞ በዚያ ትምህርት ቤት ልጆች እንዴት ይማሩ እንደ ነበረ እንናገር። ቀን በብርሃን ጊዜ ፊደል ይቈጥራሉ፤ ከዚያም ንባብ፥ ከንባብም ዳዊት ይከተላል። ሲመሽ ግን መብራት የለምና መጽሐፍ ማየት አይቻልም። በዚያን ጊዜ የቃል ትምህርት ይጀመራል። መምህሩ በጨለማ ተቀምጠው አንድ ቃል ይላሉ፤ ልጆቹም ተቀብለው ያን ቃል ይላሉ። መምህሩ ይደግማሉ፥ ልጆቹም ይደግማሉ። ልጆቹ የሚደግሙት ግዕዝ ነውና ትርጓሜውን ገና አያውቁም፤ ቃሉ መጀመሪያ በጆሮ ይገባል፥ ከዚያም በአፍ ይለመዳል፥ ማስተዋል ግን ዘግይቶ ከኋላ ይመጣል።

የቤንች ልጅ፥ የሸኮም ልጅ፥ የካፋም ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ገብቶ 231 የአማርኛ ፊደላትን ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ ሲደግም ይህን ያህል የተለየ ነገር አያደርግም። በመጀመሪያው ቀን ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ቀን ግን በገበያ በአንድ ሱቅ በር ላይ የተጻፈውን አይቶ ሳያስበው ያነበዋል። ማን እንዳነበበለት ዘወር ብሎ የሚፈልግም ልጅ አለ።

ጊዮርጊስ ግን ይህ ቀን አልመጣለትም። ገድሉ እንደሚናገረው ሰባት ዓመት በሐይቅ ተቀመጠ፤ የተነገረውን ግን መያዝ አልቻለም። ጓደኞቹ ፊደልን አልፈው ወደ ዳዊት ገቡ፥ ዳዊትን አልፈው ወደ ሌላ መጽሐፍ ሄዱ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ትንንሽ ልጆችም ቀደሙት። ሰነፍ አልነበረም፤ ይህ ነው የሚያሳዝነው። ሰነፍ ልጅ ሳይማር ቢቀር ምክንያቱን ራሱ ያውቀዋል። እርሱ ግን ተግቶ ሰምቶ፥ ተግቶ ደግሞ፥ በማግሥቱ ባዶ ሆኖ ይነሣ ነበረ። ከመካከላችሁ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ልጅ ካለ፥ የጊዮርጊስን ልብ ከእኔ ይልቅ እርሱ ያውቀዋል።

በመጨረሻም የገዳሙ አባቶች ተማክረው ወደ አባቱ ላኩ፤ ልጁ ትምህርት አልሆነለትምና ወደ ቤቱ ቢመለስ ይሻላል አሏቸው። እነዚህን አባቶች ክፉዎች አድርገን እንዳናስብ። ሰባት ዓመት መታገሥ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙ መምህር በሰባተኛው ወር ተስፋ ይቆርጣል። ያዩትን ነገር በእውነት ተናገሩ። ሕዝበ ጽዮን ግን አንድ ነገር አስታወሱ፤ ልጃቸውን ለእግዚአብሔር ሰጥተዋል። የሰጡትን መልሰው መውሰድ አልወደዱም። መማር ባይችል በጉልበቱ ያገልግል ብለው መልሰው በዚያው በገዳሙ ተዉት። አባትየው ስለ ልጃቸው እንዲህ ማድረጋቸው ከባድ ነበረ። ወደ ቤት ቢወስዱት ልጁ ከኀፍረት ይድን ነበረና።

እንግዲህ ጊዮርጊስ የመነኮሳቱ ረድእ ሆነ። ረድእ ማለት የሚላላክና የጉልበት ሥራ የሚሠራ ማለት ነው። የእርሱም ዋነኛ ሥራ እህል መፍጨት ነበረ። እናቶቻችሁ በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጩ ያያችሁ ልጆች ይህ ምን ያህል ድካም እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ ጉልበት መሬት ላይ፥ እጅ በመጁ ላይ፥ ወገብ ወደፊትና ወደ ኋላ። በአገራችን ልማድ ይህ የሴቶች ሥራ ነው፤ በገዳም ግን ሴቶች አይገቡምና ወንዶች ይፈጫሉ። ከእርሱ ጋር ፊደል የቈጠሩት ልጆች አሁን ዲያቆናት ሆነው ሲቀድሱ፥ እርሱ ዱቄቱን ያዘጋጅላቸው ነበረ።

ሥራው ሲያልቅ ግን ለመተኛት አይቸኩልም። በድንግል ማርያም ሥዕል ፊት ቆሞ ይጸልይ ነበረ። ረጅም ጸሎት አያውቅም፤ ረጅም ጸሎት ለማወቅ መማር ያስፈልጋልና። የያዘው ጥቂት ነገር ነው፤ ያንኑ ጥቂት ነገር ዛሬ ይላል፥ ነገም ይላል፥ ከነገ ወዲያም ይላል። ለመነ፥ አለቀሰ፥ ደገመ።

እዚህ ላይ ከታሪካችን ጥቂት ወጣ ብለን ስለ ተደጋጋሚ ጸሎት እንናገር፤ ነገሩ በአንድ አገር ብቻ የሚገኝ አይደለምና። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ምሕረትን የሚለምነው አጭር ጸሎት 41 ጊዜ ይደገማል፤ ይህም እግዚኦታ ይባላል። ሽማግሌዎቻችን ቍጥሩ እንዳይጠፋባቸው መቍጠሪያ በእጃቸው ይይዛሉ፤ የመቍጠሪያው ፍሬ ብዙ ጊዜ 41 ወይም 64 ነው። የንስሐ አባትም አለ፤ ይህን ያህል ጹም፥ ይህን ያህል ስገድ፥ ይህን ጸሎት ይህን ያህል ጊዜ ድገም ብሎ ለእያንዳንዱ ልጁ እንደ አቅሙ የሚያዝለት እርሱ ነው። ለሽማግሌ የሚታዘዘው ለብላቴና አይታዘዝም፤ ለደካማም የብርቱው ሸክም አይሰጠውም።

በህንድ አገር ያሉ የሂንዱ ሃይማኖት ሰዎችም ይህን የመሰለ ሥርዓት አላቸው። በጸሎት የሚደጋግሙትን አጭር ቃል ማንትራ ይሉታል፤ የሚቈጥሩበትም ማላ የተባለ መቍጠሪያ 108 ፍሬ አለው። ማንትራውን በሦስት መንገድ ይደግሙታል፤ አንደኛው በሚሰማ ድምፅ፥ ሁለተኛው በሹክሹክታ፥ ሦስተኛውም ከንፈር ሳይንቀሳቀስ በልብ ብቻ ነው። ከሦስቱ የሚበልጠው የመጨረሻው ነው ይላሉ፤ ነገር ግን ጀማሪው ከድምፁ ይጀምራል። ማንትራውንም የሚሰጥ መምህር አላቸው፤ እርሱም ጉሩ ይባላል። ጉሩ ማለት በሳንስክሪት ቋንቋ ከባድ ማለት ነው፤ የተከበረ ሰው ከባድ ሰው እንደምንለው ያለ ነው። ከብዙዎቹ ዘንድ ማንትራ ከመጽሐፍ ላይ ለቅሞ መውሰድ አይጠቅምም። ጉሩው ደቀ መዝሙሩን አስቀምጦ በጆሮው ይነግረዋል፤ እርሱም ከራሱ ጉሩ ሰምቶታል፥ ያም ከሌላው። በእኛ ቋንቋ ብንመስለው፥ የተቈላ ቡና ከጥሬው ቡና ይልቅ መዓዛው ያምራል፤ ቢዘሩት ግን አይበቅልም። ከመጽሐፍ የተለቀመውን ቃል እንደ ተቈላው ቡና፥ ከመምህር አፍ የተቀበሉትን እንደ ጥሬው ቡና ያዩታል ማለት ነው።

በዚያው አገር፥ ጊዮርጊስ ካረፈ በኋላ በዚያው መቶ ዓመት ውስጥ፥ ካቢር የሚባል አንድ ሸማኔ በባናራስ ከተማ ይኖር ነበረ። ያደገው በእስላም ሸማኔዎች ቤት ነው። በባናራስ ራማናንዳ የተባለ ታላቅ ጉሩ ነበረ፤ ካቢርም ከእርሱ ማንትራ ሊቀበል ተመኘ። ነገር ግን የሸማኔ ልጅ፥ ይልቁንም የእስላም ልጅ ሆኖ ማን ያስገባዋል? ስለ እርሱ የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ይላል። ራማናንዳ ጎሕ ሳይቀድ በጋንጅስ ወንዝ ሊታጠብ በድንጋይ ደረጃ ይወርድ ነበረ። ካቢር በጨለማ ሄዶ በደረጃው ላይ ተኛ። ጉሩው ሳያየው ረገጠውና ደንግጦ የአምላኩን ስም ጠራ። ካቢርም ተነሥቶ በደስታ ሄደ፤ ከመምህሩ አፍ ቃሉን ሰምቷልና። እስኪሞት ድረስ ያን ስም ሲደጋግም፥ ሸማ ሲሠራ፥ መዝሙርም ሲያወጣ ኖረ። በአንድ ቃል ምክንያት በጨለማ ተኝቶ መረገጥን የወደደ ሰው ነው፤ እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የሐይቁ ወፍጮ ትዝ ይለኛል።

ነገር ግን መምህር ነኝ ያለ ሁሉ መምህር አይደለም። ህንዶችም ይህን ያውቃሉ፤ ከሊቃውንታቸው ብዙዎቹ መምህሩ ደቀ መዝሙሩን፥ ደቀ መዝሙሩም መምህሩን አስቀድሞ ይመርምር ብለው ጽፈዋል። በእኛም አገር በስውር ቃል እፈውሳለሁ፥ ሀብት አመጣለሁ እያለ የድሆችን ገንዘብ የሚበላ ሰው አይጠፋም። የሐይቅ አባቶች ከጊዮርጊስ ቤተሰብ ገንዘብ ፈልገው ቢሆን ኖሮ፥ ልጁ እየተማረ ነው እያሉ ሌላ ሰባት ዓመት ባስቀመጡት ነበረ። እነርሱ ግን አልዋሹም።

አሁን ወደ ታሪካችን እንመለስ። ገድሉ እንደሚለው፥ ጊዮርጊስ በሥዕሉ ፊት እንደ ልማዱ ሲለምን ድንግል ማርያም ተገለጠችለት። ትምህርት የዘገየበት ተንቆ እንዳልሆነ ነገረችው፤ ከጥበብ ጽዋም አጠጣችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልቡ ተከፈተ፤ ሰባት ዓመት የተሰወረበት ሁሉ ታወቀው። ከአባቶች የሰማው የንባብና የዜማ ቃል ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አለው ብለን ብናስብ ከነገሩ አንርቅም።

ከዚህ ላይ አንድ ብልህ ተማሪ እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ዕውቀቱ ከላይ ከመጣለት መምህር ለምን አስፈለገው? ሰባቱ ዓመት ከንቱ አልነበረምን? ጥያቄው መልካም ነው፤ ቶሎም መመለስ አይገባም። ጽዋው ከመጣ በኋላ ጊዮርጊስ ምን እንዳደረገ እንመልከት። እኔ ከእንግዲህ መምህር አያስፈልገኝም ብሎ ከገዳሙ አልወጣም። እዚያው በትምህርት ቤቱ ቆየ፤ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ተማረ። ደግሞም ጸሎቱን ማን አስተማረው? በሥዕሉ ፊት ይደግመው የነበረውን ጥቂት ቃል የተቀበለው በዚያው በጨለማ ጉባኤ፥ ከእነዚያው ተስፋ ከቈረጡበት አባቶች አፍ ነው። ዝናም ከሰማይ ይወርዳል፤ የሚያበቅለው ግን አስቀድሞ በመሬት የተዘራ ዘር ካለ ነው። እኔ እንዲህ ይመስለኛል፤ ሌላ የተሻለ መልስ የሚያገኝ ተማሪ ካለ ለመምህሩ ይንገር።

ጊዮርጊስ ተምሮ ከፈጸመ በኋላ ሌሎችን ያስተምር ጀመረ። ምንኵስናንም ተቀበለ። እስካሁን እንደ ልጅ አንተ እያልን ጠርተነዋል፤ ከእንግዲህ ግን አባ ጊዮርጊስ ብለን በአክብሮት እንጠራቸዋለን።

ዝናቸው ወደ ቤተ መንግሥት ደረሰ። እስከ 1406 ዓ.ም. ገደማ የነገሡት ዐፄ ዳዊት አስጠሩአቸው፤ በንጉሡ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን፥ አባታቸው ባገለገሉበት፥ እርሳቸውም አገለገሉ። የንጉሡንም ልጆች አስተማሩ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ኋላ ብዙ መጻሕፍት ያስጻፉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንደ ነበሩ ይነገራል። በወፍጮ ቤት የኖረው ረድእ የነገሥታት መምህር ሆነ ብሎ መደነቅ ይገባል፤ እኔን ግን የበለጠ የሚያስደንቀኝ ቀጥዬ የምነግራችሁ ነው።

አባ ጊዮርጊስ ድርሰት ሲጀምሩ ብዙ የደከሙበት መጽሐፍ ሰዓታት ይባላል። ሰዓታት ማለት የጸሎት ጊዜያት ማለት ነው። ምሽት፣ ሌሊት፣ ዶሮ ሲጮኽ፣ ሲነጋ፣ ሦስት ሰዓት፣ ቀትር፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠርክ፤ ለእያንዳንዱ ጊዜ ምን እንደሚነበብ፥ ምን እንደሚዜም፥ ምንስ እንደሚደገም በሥርዓት ተጽፎበታል። ከዚያ በፊት በአገራችን የነበረው የሰዓታት ጸሎት ከግብፅ የተተረጐመ ነበረ። አባ ጊዮርጊስ ግን የመዝሙረ ዳዊትን፥ የነቢያትን፥ የወንጌልን ንባብ ከራሳቸው ምስጋና ጋር አስማምተው ለኢትዮጵያ ካህናት የሚሆን አዲስ መጽሐፍ አዘጋጁ። እንግዲህ አስተውሉ። ረጅም ጸሎት የማያውቀው ልጅ፥ አንዱን ቃል ሌሊቱን ሁሉ ይደግም የነበረው፥ ለመላው አገር የሚደገመውን ጸሎት ጻፈ። ሲጽፉም ደካማውን የረሱ አይመስለኝም፤ በሰዓታት ውስጥ ሕዝቡ ሁሉ፥ ፊደል ያላወቀውም ቢሆን፥ ከመሪው ተቀብሎ የሚደግመው ብዙ አጭር ቃል አለና።

የዚያ ዘመን ካህናት ሌሊቱን የሚለኩበት ሰዓት አልነበራቸውም። ኮከብን፥ ዶሮን፥ የጨረቃን መውጣት ይመለከቱ ነበረ። ስለዚህ ጸሎቱ ራሱ ሰዓት ሆነላቸው፤ ይህን ያህል ከተዜመ እኩለ ሌሊት ነው፥ ያን ያህል ከተነበበ ሊነጋ ነው ለማለት ቻሉ።

የቤተ መንግሥት ኑሮ ግን ወፍጮ ቤት ካለው ኑሮ ይልቅ አስጊ ነበረ። በዚያን ጊዜ ስለ ሃይማኖት ብዙ ክርክር ነበረ፤ አባ ጊዮርጊስም ያመኑትን በንጉሥ ፊት ሳይፈሩ ይናገሩ ነበረ። ጠላት ተነሣባቸው፥ ተከሰሱ፥ ታሰሩም። በእስር ቤት ስንት ሌሊት እንዳደሩ እንተወው፤ ነገር ግን ጨለማና ብቻነት ለእርሳቸው አዲስ ነገር አልነበረም። መጽሐፍ ቢወሰድባቸው በቃል የያዙትን የሚወስድባቸው የለም። ሰባት ዓመት በጆሮው የገባ ቃል ያለው ሰው በእስር ቤትም ባዶ እጁን አይደለም። ከጊዜ በኋላ ተፈትተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በ1416 ዓ.ም.፥ ዐፄ ይስሐቅ በነገሡበት ዘመን፥ ከመጻሕፍታቸው ሁሉ የሚበልጠውን መጽሐፈ ምሥጢርን ጽፈው ፈጸሙ። ይህ መጽሐፍ 30 ክፍል አለው፤ በየበዓሉ እንዲነበብ የተዘጋጀ ሲሆን፥ ስለ ሃይማኖት የተነሡትን ክርክሮች አንድ በአንድ እያነሣ መልስ ይሰጣል። ለትንንሽ ልጆች የሚከብድ ነውና ስለ እርሱ ብዙ አንናገርም። ስድሳ ዓመት ያህል በሆናቸው ጊዜ፥ ሐምሌ 7 ቀን 1417 ዓ.ም.፥ አባ ጊዮርጊስ ዐረፉ። በተወለዱበት አገር በጋስጫ ተቀበሩ፤ ስለዚህም እስከ ዛሬ ዘጋስጫ እየተባሉ ይጠራሉ። ሐምሌ ወር ሙሉ ክረምት ነው፤ የወሎ ወንዞች ይሞላሉ፥ መንገዱም ይጠፋል። የመታሰቢያቸው ቀን ግን በየዓመቱ በዚያው በጋስጫ ይከበራል።

ሰዓታትም አልተረሳም። ከወሎ ርቆ፥ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በሚያድግበት አገር፥ በሚዛንም በቴፒም ካህናት በሌሊት ተነሥተው ሰዓታት ይቆማሉ። ከካህናቱ አጠገብ ብዙ ጊዜ አንድ ትንሽ ልጅ ይቆማል፤ እንቅልፉ ገና ከዓይኑ አልወጣም፥ ግዕዝም አያውቅም። መሪው አንድ ቃል ይላል፤ ልጁም ተቀብሎ ይላል።